መሬቱ ተጠይቋል?

ባለቤቴ በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ክፍል የዝናብ ውሃ መርማሪ ናት። ቤትም ሆነ መጋዘን ሊሠራ ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ከግቢው በየት በኩልና ምን ያህል እንደሚወጣ የሚያሳይ ፕላን ይዞ እሷ ጠረጴዛ ፊት መቆሙ አይቀርለትም። ደንቡ አጭር ነው። መሬቱ ባዶ ሳለ ከግቢው ይወጣ ከነበረው በላይ ውሃ፣ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ወደ ጎረቤትም ሆነ ወደ መንገድ አይለቀቅም። ጣሪያውና ሲሚንቶው መሬቱን ከሸፈኑት፣ የተረፈው ውሃ የሚሰርግበትን ወይም ቆይቶ ቀስ እያለ የሚሄድበትን ቦታ ባለቤቱ ያበጃል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ሁሉ የማውቀው ተምሬው ሳይሆን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እራት ላይ ሰምቼው ነው።

ኮንትራክተሮች "ወይዘሮ ጠብታ" ይሏታል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ከድንበር አታሳልፍም ለማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ውሃ እያወራ እንደ እሷ ደረቅ የሆነ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ስሌት ሲያመጡላት ታየዋለች፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሳለች፣ ከዳር አንድ ጥያቄ ትጽፋለች፦ "መሬቱ ተጠይቋል?" እዚያው ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍራችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ፣ መሬቱ በምን ፍጥነት እንደሚጠጣ ለክታችኋል ወይስ ከጎረቤት ፕላን ገልብጣችሁ መጣችሁ ማለቷ ነው። አብዛኞቹ ገልብጠው ነው የሚመጡት። ስለዚህ ይመለሳሉ። አንድ የመጋዘን ባለቤት አምስት ጊዜ ተመላልሶ በስድስተኛው ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና "እትዬ፣ መሬቱን ጠይቄዋለሁ፤ እርስዎን ጠይቅ ብሎኛል" አላት ይባላል። ቢሮው ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ምን እንዳሳቃቸው እስከ ዛሬ አልገባትም።

እንግዲህ አክስቴ ሲያርፉ በከተማው ዳር ያለችውን ቁልቁል መሬት ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እስከዚያ የምንኖረው ከአማቴ ቤት ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነበር። ስፌት መኪናዬ ኮሪደሩ ላይ ነው። ደንበኛ ስለካ አማቴ ያልፋሉ፤ ሲያልፉም የሰውየውን ወገብ በዓይናቸው ለክተው ከእኔ ሜትር ቀድመው ይናገራሉ። ይባስ ብሎ አይሳሳቱም። ስለዚህ መሬቱ ሲገኝ የፈለግሁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ በሩ የሚዘጋ ሰፊ የመስፊያ ክፍል፣ እና ደንበኛ በንጹህ ጫማ የሚገባበት፣ በሲሚንቶ የተነጠፈ ግቢ።

"ግቢው ምን ያህሉ ይነጠፍ?" አለች ባለቤቴ።

"ከዳር እስከ ዳር።"

ለሌላ ሰው ቢሆን ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሳ ነበር። ስንት ዓመት ኮሪደር ላይ ስሰፋ ስላየች ግን አንጀቷን በላሁት መሰለኝ፣ እሺ አለች። ንጣፉና ጣሪያው የሚያወርዱትን ውሃ ሁሉ የሚውጥ ትልቅ ማስረጊያ ጉድጓድ ከግቢው የታችኛው ጫፍ ላይ ነደፈች። ከሥራ እየተመለሰች ሦስት ሳምንት ሠራችው። ፕላኑ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ያምር ነበር፤ አንድ የተዛነፈ መስመር አይገኝበትም።

ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ሕግ የራሷን ቤት ራሷ እንድትመረምር አይፈቅድላትም። ፋይሉ በእኔ ስም ገባና ከእሷ ትይዩ ለሚቀመጠው መሐንዲስ ተመራ። እሱን በመሥሪያ ቤቱ "ለስላሳው" ይሉታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላ ሰው እግሩን ሲረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሰባት ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማረችው እሷ ናት።

"በሦስት ቀን ያልቃል" አለችኝ።

እውነትም በሦስተኛው ቀን አለቀ። "ለአመልካች" የሚል ደብዳቤ በስሜ ደረሰኝ። እራት ላይ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "የቀረበው ስሌት በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ሆኖም አፈሩ ውሃ የሚመጥበት ፍጥነት ከአጎራባች ይዞታ የተወሰደ ሆኖ በመገኘቱ ፋይሉ ተመልሷል።" ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በትናንሽ ፊደል፣ ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል አጻጻፍ፣ "መሬቱ ተጠይቋል?" ይላል።

የባለቤቴ ማንኪያ አፏ ሳይደርስ ቀረ።

"ገልብጠሽ ነው?" አልኳት።

"አልገለበጥኩም። ወሰድኩ።"

"ከጎረቤት ፕላን?"

"አፈሩ አንድ ነው። ያ ሰፈር እንዳለ ሸክላማ አፈር ነው። ይህን የማላውቅ ይመስልሃል?"

"እኔማ ምን አውቃለሁ። ምክንያቱ ውሃ ያነሳ እንደሆነ ብዬ ነው።"

አማቴ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። "ልጄ፣ ስንቱን ሰው ስታመላልሺ ኖረሻል፤ አንድ ጊዜ ብትመለሺ ምን ይልሻል?" አሉ። ከዚያ በኋላ ያን ምሽት በቤቱ ውስጥ የተሰማው የእኔ ስፌት መኪና ብቻ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ መሬቱን ልንጠይቅ ሄድን። ጉድጓዱን ዓርብ አስቆፍረን ውሃ ሞልተን አሳድረነዋል። የደረቀ አፈር መጀመሪያ ላይ ተስገብግቦ ስለሚጠጣ እውነተኛ ጠባዩ የሚታወቀው ከጠገበ በኋላ ነው አለችኝ። ጠዋት እንደገና ሞላነው። ለስላሳው መዝገቡን አቅፎ፣ በሰዓቱ መጣ። መለኪያው ዘንግ ቢሮ ተረስቶ ስለነበር የእኔን የልብስ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ላይ አስረን ተጠቀምን። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወገብ ለክቻለሁ፤ ጉድጓድ ስለካ የመጀመሪያዬ ነው። ጉድጓድ አንድ መልካም ነገር አለው፣ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ አይስብም።

ከታች በኩል የሚዋሰኑን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሦስት ሰው ጉድጓድ ከቦ ቆሞ ሲያዩ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

"ምን እየጠበቃችሁ ነው?"

"ውሃው እስኪወርድ ነው፣ መምህር" አልኳቸው።

"መልካም" አሉና ተቀመጡ። "እኔም ዛሬ የተለየ ጉዳይ የለኝም።"

ለማለፍ በግማሽ ሰዓት ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃ ነበር። ባለቤቴ ሦስት ጠብቃለች። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ጎንበስ ብዬ ሜትሬን አየሁ።

"ዘጠኝ" አልኩ።

ባለቤቴ ገፋ አደረገችኝና ራሷ አየች። ዘጠኝ ነው። ሞልተን እንደገና ጠበቅን፤ አሁንም ዘጠኝ። ሦስተኛውም ከዘጠኝ ፈቀቅ አላለም።

"ብዙ ነው" አለ ለስላሳው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

"ብዙ ነው ማለት?"

"ለዚህ አፈር ማለቴ ነው።"

"መሬቱ ተጠይቋል ወይ አልከኝ፣ ጠየቅሁት። መለሰልኝ። አሁን ደግሞ መልሱ በዛብህ?"

ለስላሳው አልተከራከራትም። ቁጥሩን ጻፈ፣ ፈረመ፣ እኔንም እንደ አመልካች አስፈረመኝ፣ ሁላችንንም በእጁ ጨብጦ ሄደ። ባለቤቴ ሜትር የታሰረበትን እንጨት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ግቢውን ስትዞር ውድድር ያሸነፈች ትመስል ነበር። "እዚህ ጋ የበሩ መግቢያ፣ ከዚህ እስከዚያ ንጣፉ" እያለች አሳየችኝ። እኔም የደንበኞቼን ንጹህ ጫማ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ።

ዕቃችንን ሰብስበን ሳንጨርስ ቀድመውን ወርደው የነበሩት መምህሩ ተመልሰው መጡ። ካልሲያቸው ርሷል። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ትልቅ የግድግዳ ካርታ ይዘዋል።

"ልጄ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግርሽ ነው" አሏት። "ዛሬ ዝናብ ዘንቧል እንዴ?"

"ኧረ አልዘነበም፣ መምህር።"

"እኔም አልዘነበም ብዬ ነበር። ግን በረሃው ረጥቧል።" ካርታውን ዘረጉልን። እውነትም ቢጫ የተቀባው ምድር ሁሉ በስብሶ ተጨማዷል።

ተከትለናቸው ወረድን። ዕቃ ቤታቸው ጀርባው ወደ እኛ መሬት የተቀበረ ጠባብ ክፍል ነው። ከአስተማሪነታቸው የተረፋቸው ካርታ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ከግድግዳው ሥር ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ባለቤቴ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ነካችው።

"ከእኛ ላይሆን ይችላል" አለች።

ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ቃል ከስንት ኮንትራክተር አፍ ሰምታ ስንት ጊዜ እራት ላይ እንደሳቀችበት ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ጠዋት የገዛሁት ሰማያዊ የጨርቅ ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እሱን አውጥቼ ሰጠኋት። ወጥታ ጉድጓዱን ሞላች፣ ቀለሙን በእጇ በጠበጠችው፣ ወረደች። ከዚያ ሦስታችን ወንበር ይዘን ግድግዳ ማየት ጀመርን።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ውሃው መጀመሪያ ደብዘዝ፣ ከዚያ ደመቅ እያለ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃ ሰማያዊ ነው እያልኩ ካርታ ላይ ሳሳይ ኖርኩ" አሉ። "ዛሬ በዓይኔ አየሁት።"

ነገሩ ምን እንደሆነ ያስታወሱልንም እሳቸው ናቸው። ድሮ በእኛ መሬት መሃል ወደ ታች የሚወርድ ቦይ ነበር። አክስቴ በጉልምስናቸው ዘመን የፈረሰ ግንብ ድንጋይ አምጥተው ሞሉትና አፈር አለበሱት። የእኛ ጉድጓድ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። መሬቱ ውሃውን እየጠጣው አልነበረም፤ በድንጋዩ መሃል ለመምህሩ እያቀበለ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ መምህሩ ካርታ አልነበረም። ስለ ግቢዬ ነበር። "ወረቀቱ እኮ ተፈርሟል" አልኩ፣ ማንንም ሳላይ።

መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። "ለእኔ ብላችሁ አትጨነቁ" አሉ። "ካርታዎቹን ሳሎን አስገባቸዋለሁ። ወንዝ ዳር ቤት ሁሌም ያምረኝ ነበር።"

ባለቤቴ የግቢው ቧንቧ ጋ ሄዳ እጇን ታጠበች። የእኔ ቀለም ጥሩ ቀለም ስለሆነ አልለቀቀም። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሰማያዊ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትመለከታቸዋለች።

"አንድ ሳምንት ደህና ዝናብ ከዘነበ ግድግዳቸው ይወድቃል" አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ሌላ ሰው ዘጠኝ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ከበር ነበር የምመልሰው። የራሴ ሲሆን ግን ደስ አለኝ።"

አላሾፍኩባትም። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አብረን ወደ መሥሪያ ቤቷ ሄድን፤ አመልካቹ እኔ ነኝና። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጠረጴዛው በስተጀርባ የተቀመጠች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ቆመች። የራሷ ወንበር ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ እሷ ግን ወረፋ ያዘች። ከፊታችን የነበረው የቀለም ቀቢዎች አለቃ ዞሮ ሲያያት በድንጋጤ ተራውን ለቀቀላት። እምቢ አለችው።

ተራችን ሲደርስ "ፋይሉን አውጣው" አለችው ለስላሳውን። "የቅዳሜው ልኬት ትክክል አይደለም። ሰርዘው።"

ለስላሳው እጆቿን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ መሳቢያውን ከፈተ። ፋይሉ ከላይ ነው። ማህተም አልተመታበትም።

"አላሳለፍከውም?" አለች።

"ዘጠኝ ሲባል ግራ ገባኝ" አለ፣ ፋይሉን እያየ። "መሬቱ የተሳሳተ ነገር ተጠይቆ እንዳይሆን ብዬ ዛሬ ከሰዓት ታችኛው ቤት ሄጄ ለማየት አስቤ ነበር።"

"ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?"

"ደስ ብሎዎት ነበር፣ እትዬ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲያ ሆነው ሳይዎት ሁለተኛዬ ነው።"

"የመጀመሪያው መቼ ነው?"

"ኮምፒውተሩ የተቀየረ ቀን።"

የቀለም ቀቢዎቹ አለቃ ከኋላችን ሳል ያዘው። ባለቤቴ ኮስተር ለማለት ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን ከዳት። ቀይ እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ "ተመልሷል" ብላ በራሷ ፋይል ላይ ጻፈችና መለሰችለት። "ፈርምበት" አለችው። ፈረመ። ወደ ወንበሯ ስትሄድ ጀርባዋ ቀጥ ብሎ ነበር። ይህን ልጅ ያስተማረችው እሷ መሆኗ እንዳኮራት ለማወቅ ባሏ መሆን አያስፈልግም።

አዲሱ ፕላን እንደ መጀመሪያው አያምርም። አሮጌው ቦይ ተቆፍሮ ድንጋዩ ይወጣና በተጠቀጠቀ ሸክላ ይደፈናል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ታንከር ውስጥ ይገባል። ከግቢው ግማሹ አይነጠፍም፤ ጠጠር ይለብሳል። የቀረው ውሃ ሣር በተተከለበት ረባዳ ቦታ ላይ ይተኛና በቀጭን ቱቦ፣ በቀስታ፣ ወደ መንገዱ ቦይ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ቦታ ከየት መጣ ቢባል ከእኔ የመስፊያ ክፍል ነው።

"አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው ያጠበብኩት" አለችኝ።

"ብቻ?"

"አንተ ሱሪ ስታጠብ ሰውየውን ታስፈቅዳለህ?"

"አዎ፣ አስፈቅዳለሁ።"

"እንግዲህ ፈቅደሃል" አለችኝ። ምን ልበል፤ ፈቀድኩ።

ፕላኑ በሦስተኛው ወር አለፈ። ቤቱ በዓመቱ ተሠራ። አማቴ የበረንዳውን ጥግ መርጠው አብረውን ገቡ፤ መምህሩ ካርታዎቻቸውን ወደ ደረቀው ዕቃ ቤት መለሱ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፣ ለስላሳው መጥቶ ሥራው በፕላኑ መሠረት መሆኑን አይቶ የመጨረሻውን ማህተም መምታቱ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት መጣ። ታንከሩን አየ፣ ቱቦውን አየ፣ ጠጠሩን በጫማው ጫር ጫር አደረገ። ከዚያ ረባዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠረና ጥልቀቱን ለካ። ደግሞ ለካ።

"አርባ ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረበት" አለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ። "ሠላሳ ሦስት ነው።"

"አይሆንም" አለች ባለቤቴ። "ቆሜ ነው አርባ ያስቆፈርኩት።"

ሁለቱም ለአፍታ ሲባጎውን አዩ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ውሃ ውስጥ የገባች አይጥ መስዬ ቆምኩ።

"ትንሽ አፈር ጨምሬበት ነበር" አልኩ። "አበባ ነገር ልተክልበት። ደንበኛ ሲጠብቅ ዓይኑን የሚያሳርፍበት..."

"ስንት ጋሪ?" አለች።

"ሦስት።"

ረባዳውን በዓይኗ ለካችው።

"ስድስት" አልኩ።

ለስላሳው ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ ሆኖ ማህተም አልመታም" አለኝ። ትንሽ አሰበና ሰዓቱን አየ። "ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መጠበቅ እችላለሁ።"

ባለቤቴ አካፋውን አመጣችልኝ። መምህሩ ድምፅ ሰምተው ወንበራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አማቴ ከበረንዳው ለሁሉም ሻይ ላኩ፤ ለእኔ ግን ስጨርስ እንደሚሰጡኝ አሳወቁኝ። የሠላሳ ዓመት የልብስ ሰፊ ወገብ ለዚህ ሥራ አልተሠራም። ሁለተኛውን ጋሪ ሞልቼ ቀና ስል ለስላሳው ኮቱን አውልቆ ሊያግዘኝ ተነሳ፤ ባለቤቴ ግን መርማሪ በሚመረምረው ሥራ ላይ እጁን አያስገባም ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ረባዳው ወረደችና ሌላውን አካፋ አነሳች።

"አንተ ስትቆፍር ዘምዘማት የምትሠራ ነው የምትመስለው፤ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ" አለችኝ። "መሃሉን ለእኔ ተወው።"

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አርባ ሞላ። ለስላሳው ሁለት ጊዜ ለክቶ አረጋገጠና ማህተሙን በመምህሩ ወንበር መደገፊያ ላይ አድርጎ መታው። ለእኔ ሲሰጠኝም እጄ ጭቃ ስለነበር ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ራሱ ከተተልኝ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ።